«የቀድሞ» የሆነው ምኑ ነው?

«የቀድሞው የወተት ልማት ድርጅት ሕንፃ» የሚለው ሐረግ ለሰዋስው መምህር እንከን የለውም፤ ለሚያስብ ሰው ግን መንታ መንገድ ላይ የቆመ ነው። «የቀድሞው» የሚለው ቅጽል ከፊቱ ከተደረደሩት ስሞች የትኛውን እንደሚገልጽ አማርኛ ለይቶ አይናገርም። የቀድሞ የሆነው ድርጅቱ ከሆነ ሕንፃው ዛሬም ያው ሕንፃ ነው፣ ባለቤቱ ብቻ አልፏል ማለት ነው፤ የቀድሞ የሆነው ሕንፃው ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ በሌላ ስፍራ በሕይወት አለ፣ ቤቱን ብቻ ለቋል ማለት ነው፤ አልፎ ተርፎም የቀድሞ የሆነው ልማቱ ወይም ወተቱ ራሱ ነው የሚል ተከራካሪ ቢነሣ የሰዋስው ሕግ አያግደውም። በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሾላ በሚባለው ሰፈር የተተከለው የወተት ፋብሪካ ከስድሳ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜው ባለቤቱም ስሙም ደጋግሞ ስለ ተለወጠ፣ ይህ መንታነት የቃላት ጨዋታ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሕንፃ «የቀድሞ» የሚባለው ምኑ ሲያልፍ ነው?

ከቃሉ መጀመር ይገባል። «ቀደመ» ማለት አስቀድሞ ሄደ፣ ከፊት ሆነ ማለት ነው፤ በሩጫ የቀደመ ሯጭ ከኋላ ቀረ አይባልም፣ ቀዳሚውም የሚሸለመው እንጂ የሚረሳው አይደለም። ይህ የአንድ ቃል ጠባይ ብቻ አይደለም። አማርኛ ያለፈውን ጊዜ «በፊት» ይለዋል፣ ገና የሚመጣውን «በኋላ» ይለዋል፤ ያለፈው በፊት፣ ማለትም ዐይን በሚያየው በኩል፣ የሚመጣው ደግሞ ከጀርባ፣ ዐይን በማያየው በኩል ይቀመጣል። ሰው ያለፈውን ስላየው ያውቀዋል፣ የሚመጣውን ስላላየው አያውቀውም፤ ስለዚህ ቋንቋው ጊዜን ያስቀመጠው በዕውቀት ሥርዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ከሆነ ዘንድ «የቀድሞው ሕንፃ» ከፊት የቆመ፣ የሚታይና የሚታወቅ ሕንፃ ማለት በሆነ ነበር። የዕለት ተዕለቱ አነጋገር ግን ቃሉን ለማሰናበቻ ይጠቀምበታል፤ «የቀድሞው ሚኒስትር» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ከእንግዲህ ደጅ እንደማይጠናው ነው። በቃሉ ሥርና በቃሉ ልማድ መካከል ያለው ይህ ቅራኔ ወደ ሾላው ፋብሪካ ሲመጣ ይበልጥ ይጠነክራል።

የታሪኩ አጽም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኢትዮጵያ ከወረራና ከጦርነት ወጥታ ገና በምታገግምበት ዘመን፣ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ የወተት ከብቶች ሰጠ፤ ለነዚያም ከብቶች ወተት በአዲስ አበባ አነስተኛ ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1960 ዩኒሴፍ በሾላ የሙከራ ፋብሪካ እንዲተከል ረዳ፤ ፋብሪካው መጀመሪያ የትልልቅ እርሻዎችን፣ እየቆየም በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ባለ ጥቂት ላም ገበሬዎችን ወተት መቀበል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወተት ልማት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትልልቆቹ እርሻዎች ተወረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተወረሰውም፣ ኤጀንሲውም፣ ፋብሪካውም በአንድ ላይ ተጠቃለው የወተት ልማት ድርጅት ተባሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የግል ወተት አቀነባባሪዎች እየበዙ መጡ፣ ድርጅቱም ራሱ ወደ ግል ተዛውሮ «ላሜ» የሚል ስም ያዘ። የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚህ ሁሉ መካከል ከሱቅ የሚገዛውን «ሾላ ወተት» ሲል ኖሯል።

ይህ ዝርዝር ስለ ለውጥ ብዙ ይናገራል፣ በለውጡ ውስጥ ስለ ጸናው ነገር ግን ዝም ይላል። የጸናውን ለማግኘት የስም ዓይነቶችን መለየት ይረዳል። በአገሩ የቤተ ክህነት ትምህርት አንድ ነገር ከሚሠራው ሥራ የተነሣ የሚጠራበት ስም ስመ ግብር ይባላል፤ ሥራው ምንም ይሁን ምን ከሌላው ተለይቶ የሚጠራበት ደግሞ ስመ ተጸውዖ፣ ማለትም መጠሪያ ስም፣ ይባላል። «የወተት ልማት ድርጅት» ስመ ግብር ነው፤ ወተት ማልማቱን ቢያቆም ስሙ ሐሰት ይሆናል። «ሾላ» ግን ስመ ተጸውዖ ነው፤ የዛፍ ስም የነበረ፣ ለሰፈር የተሰጠ፣ ከሰፈሩም ወደ ወተቱ የተላለፈ ስለሆነ፣ ምንም ቢደረግ ሐሰት ሊሆን አይችልም። ሐሰት ሊሆን የማይችል ስም ደግሞ እውነት ነው ለማለትም ያስቸግራል። በዚያ አካባቢ ይህ ነገር ሾላ ላይ አያበቃም። «ባልደራስ» የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ ነበር፤ ዛሬ የሰፈር ስም ነው። ከመገናኛ በስተ ምሥራቅ «ላምበረት» ሲባል ስሙ የላም በረት ቢልም መንገደኛው የሚያስበው የአውቶቡስ መናኸሪያውን ነው። «ሲ.ኤም.ሲ.» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 በጣሊያን ራቬና ከተማ የተመሠረተ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ተቋራጩ ሄዶ ፊደላቱ ቀሩ፣ ዛሬም በዚያ መንደር ቤት የሚከራይ ሰው በጣሊያንኛ ግንበኛና ሲሚንቶ እያለ መሆኑን ሳያስበው አድራሻውን ይናገራል። በዚህ ከተማ የሥራ ስም ዕድሜ ሲጠግብ መጠሪያ ስም ይሆናል ማለት ይቻላል፤ «የቀድሞ» የሚለው ቃልም አንድ ስም ከግብር ወደ ተጸውዖ በሚያልፍበት ድልድይ መካከል ሳለ የሚለብሰው ልብስ ነው። ባልደራስን «የቀድሞው ባልደራስ» የሚል የለም፤ ድልድዩን ጨርሶ ተሻግሯልና። የወተት ልማት ግን ገና መካከሉ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን የነገርን አንድነት ሊሸከም አይችልም፤ ስሙ ከጸና ሁሉ ጸና ማለት፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ቁልፉ አለ እንደ ማለት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ቡሖ ዕቃውን ሙልጭ አድርጋ አታጥበውም፤ ከታች ጥቂት ታስቀራለች፣ በእርሱ ላይ አዲስ ዱቄት ታቦካለች፣ ከአዲሱም ደግሞ ጥቂት ታስቀራለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመጀመሪያው ቡሖ አንዲት የጤፍ ቅንጣት እንኳ በዕቃው ውስጥ አለች ብሎ የሚምል አይገኝም፤ እርሾው ግን ያው እርሾ ነው፣ ለጎረቤት ስትሰጠውም «የእኔ እርሾ» ትላለች። እርሾ ማለት እንግዲህ ቀሪ ቁስ አይደለም፤ ከቁሱ ተለይቶ የሚተላለፍ የመሥራት ኃይል ነው። የፋብሪካውም ነገር በዚህ ሚዛን መታየት አለበት። ማሽን ያረጃል ይለወጣል፣ ሠራተኛ ጡረታ ይወጣል፣ ባለቤት ይሸጣል ይወረሳል፤ እነዚህ ሁሉ ዱቄት ናቸው። እርሾው የቱ ነው?

እርሾውን ለማግኘት ወተት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ ማየት ይሻላል። እህል ጎተራ ውስጥ ዓመት ይቆያል፣ ወርቅ ካዝና ውስጥ ትውልድ ይሻገራል፣ ሰነድ በመዝገብ ቤት አቧራ ለብሶ ይጠብቃል፤ ወተት ግን ጧት ታልቦ ሳይፈላ ወይም ሳይቀዘቅዝ ከዋለ ማታ ሌላ ነገር ነው። የጎተራ ሕንፃ፣ የባንክ ሕንፃ፣ የመዝገብ ቤት ሕንፃ ሁሉም የሚቆይን ነገር የሚያቆዩ ናቸው፤ የወተት ፋብሪካ ግን የማይቆይን ነገር ለማቆየት በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ቤት ስለሆነ፣ ገና ከመሠረቱ ቅራኔ ላይ የቆመ ነው። በውስጡ የሚሠራውም ይህንኑ ያሳያል። ከገበሬው በቢዶን የመጣው ወተት መጀመሪያ በአልኮል ይፈተናል፣ ኮምጥጦ ከሆነ ይረጋልና ይመለሳል፤ ውፍረቱ ይለካል፣ ውኃ ተጨምሮበት ከሆነ መለኪያው ያጋልጠዋል፤ ከዚያ ፓስቸራይዝ ይደረጋል፣ ይኸውም በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ሴኮንድ ግሎ ወዲያው ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ይህ ሁሉ ድካም የሚገዛው ዘላለምን አይደለም፤ ጥቂት ቀናትን ነው። ሥራው ሁሉ ወተቱ «የቀድሞ ወተት» የሚሆንበትን ሰዓት ማዘግየት ነው። አሁን ነገሩ ይገለጣል፤ የቀድሞ መሆንን ለማዘግየት የተሠራ ቤት ራሱ «የቀድሞው» ተባለ። ሐኪም ታመመ እንደሚባለው ያለ ምፀት ነው፤ ግን ከምፀት ያለፈ ትምህርት አለው። ወተት ስለማይቆይ ፋብሪካው በየቀኑ ጧት እንደ ገና መመሥረት ነበረበት። ቤተ መንግሥት አንድ ጊዜ ይመረቃል፤ የወተት ፋብሪካ በየዕለቱ ሳይመረቅ ይመረቃል፤ አንድ ቀን ቢያመልጠው ያንን ቀን በነገው ሊክሰው አይችልም። እርሾው ይህ ነው፣ በከተማው ዙሪያ ያለች ላም ጧት ከምትሰጠው እስከ ከተማው ልጅ ጽዋ ድረስ በየቀኑ የሚታደስ ቀጠሮ። ባለቤቱ ዘውድ ይሁን ደርግ ወይም ነጋዴ፣ ቀጠሮው እስከ ጸና ድረስ ሕንፃው የቀድሞ አልሆነም።

በዚህ መልስ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ወተቱ ማንነት ነው። በቤት ያለ ወተት የአንዲት ላም ወተት ነው፤ ላሚቱም መልክና ስም አላት፣ ዛሬ ስንት ሰጠች፣ ጥጃዋ እንዴት ናት ተብሎ ይነገርላታል። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች ወተት መሸጥ እንደ ነውር የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል፤ ወተት የሚሰጥ እንጂ የሚመነዘር ነገር አልነበረምና። ፋብሪካው ግን የሺህ ላሞችን ወተት በአንድ ጋን ሲደባልቀው ወተቱ ከላም ተለየ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የማንኛዋም ላም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ከዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚለገስ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ከአገር ውስጡ ጋር ሲጨመር፣ ቀጠሮው ከከተማው ዙሪያ ላም ጋር መሆኑ ቀርቶ በባሕር ማዶ ከማትታወቅ ላም ጋር ሆነ። ታዲያ ያ «የሾላ ወተት» ነበርን? ነበር ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሰጪው ወገን ሲዳከም የተቀባዩ ወገን አልቀረም። ቀጠሮ አንዱ ወገን ሲያረፍድ አይፈርስም፣ ሁለቱም ሲቀሩ ነው የሚፈርሰው። የፕላስቲኩን ከረጢት ጫፍ በጥርሷ ወይም በመቀስ ቀዳ፣ ጥቂት ጠብታ እጇ ላይ ሲፈስ ያንን ልሳ፣ የቀረውን ብረት ድስት ላይ ገልብጣ፣ ፓስቸራይዝድ ነው ቢባልም አላምን ብላ እንደ ገና የምታፈላው የከተማ እናት ከየትኛው ላም እንደ ታለበ አትጠይቅም። እርሷ የምታምነው ላሚቱን ሳይሆን ስሙን ነው፤ ስሙንም ቢሆን ያለ እሳት አታምነውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጾም የሚመጣ ነው፤ ይህም ከፊተኛው ይከብዳል። ቀጠሮው በየቀኑ የሚታደስ ነው ከተባለ፣ ከከተማው ሕዝብ ብዙው ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነቢያት፣ በሐዋርያት፣ በፍልሰታም ወተት በማይጠጣበት አገር ቀጠሮው በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል ማለት ነው። ላም ግን አትጾምም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ወተቱ መምጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ የወተት ፋብሪካ በጾም ወቅት ወተቱን ወደ ቅቤና ወደ አይብ ለመለወጥ፣ ወይም ከገበሬው የሚቀበለውን ለመቀነስ ይገደዳል። በጾም ቀን ታዲያ የወተት ፋብሪካ ምንድን ነው? በየሳምንቱ ሁለት ቀን «የቀድሞ» እየሆነ ሐሙስና ቅዳሜ የሚነሣ ነውን? መልሱ ጾሙ ራሱ ውስጥ አለ። የሚጾም ሰው ወተትን አልረሳም፣ ወተት ስላለ ነው የሚጾመው፤ የሌለን ነገር መተው ጾም አይባልም፣ ችግር ነው የሚባለው። በጾም የተቋረጠ መጠጣት የተጠበቀ መጠጣት ነው፤ ፋሲካ ሲመጣ የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። በመተውና በመርሳት መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለሕንፃውም ይሠራል፤ ሥራ ያቆመ ሕንፃ ሁሉ የቀድሞ አይደለም፣ ተመልሶ የሚፈለግበት ቀን የማይታሰብለት ሕንፃ ግን ማሽኖቹ እየዞሩም ቢሆን የቀድሞ ነው። ስለ ሥራ ማቆም የሚናገረው መዝገብ ነው፤ ስለ ቀድሞነት የሚፈርደው የጠባቂዎቹ ልብ ነው።

የመጨረሻው የባለቤትነት ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ሐተታ የሚወጣው ነው። «ላሜ» ማለት የእኔ ላም ማለት ሲሆን፣ አድማጩን ወዲያው ወደ ላሜ ቦራ ተረት ይወስደዋል፤ «ቦራ» ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያለባት ላም ናት፣ በተረቱም እናታቸው የሞተችባቸውን ልጆች በወተቷ ታሳድጋለች። የመንግሥት የነበረውን ድርጅት የገዛ የግል ኩባንያ «የእኔ ላም» የሚል ስም መያዙ ላይ ላዩን ሲታይ ግልጽ የባለንብረትነት አዋጅ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን «ላሜ» ብሎ የሚጠራው በተረቱ የላሚቱ ባለንብረት አይደለም፤ ከእርሷ በቀር ሌላ የሌለው፣ በወተቷ የሚኖር ልጅ ነው። በአማርኛ «የእኔ» የሚለው ቅጥያ ሁለት ነገር ይናገራል፤ «ቤቴ» ሲባል ባለንብረትነት ነው፣ «እናቴ» ሲባል ግን እናትን የሚገዛ የለም፤ «እናቴ» የሚል የእናቱ ነው እንጂ እናቱ የእርሱ ንብረት አይደለችም። «ላሜ» ከሁለቱ የትኛው ነው? ሕግ የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ ተረቱ ሁለተኛውን። የሕንፃው ቀድሞነትም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ባለንብረትነትን ብቻ ከተመለከትን ድርጅቱ የቀድሞ ነው፣ ክርክር የለውም፤ ወተቱን ጠብቆ የሚኖረውን ከተመለከትን ግን የማንም ስም በበሩ ላይ ቢጻፍ «ላሜ» ብሎ ለመጥራት መብት ያለው ከደጅ ያለው ነው። አንድ ሕንፃ ባለቤቱን ሲለውጥ «የቀድሞው» የሚለው ቃል ከድርጅቱ ስም ጋር እንጂ ከሕንፃው ጋር መጻፍ የለበትም የሚለው ፍርድ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የቀረው የቦታው ነገር ነው፤ ይህም በጥቂት ቃል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሾላ የከተማው ዳር ነበር፤ ፋብሪካውም እዚያ የተተከለው ወተት የሚመጣበት ገጠርና ወተት የሚጠጣበት ከተማ የሚገናኙበት ደጃፍ ስለ ነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ወደ ምሥራቅ እየተዘረጋ፣ ኮተቤን፣ ሲ.ኤም.ሲ.ን፣ አያትን እያዳረሰ ሲሄድ ዳሩም አብሮት ሄደ፤ ሕንፃው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ከዳር ወደ መሀል ተዛወረ። ለሰውም እንዲህ ያለ ነገር ይደርስበታል፤ ሳይለወጥ፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለ ተለወጠ ብቻ፣ አንድ ቀን የቀድሞ ሰው ሆኖ ይነሣል። በዚህ መልክ የሚመጣ ቀድሞነት ግን የሕንፃው ጠባይ ሳይሆን የተመልካቹ ርቀት ስለሆነ፣ ሕንፃው ሊጠየቅበት አይገባም።

ሾላ ሲቆረጥ ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ የሚያወጣ ዛፍ ነው። ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚወስደው መንገድ የተቆረጠ ሾላ ስሙን ለአንድ ሰፈር ሰጥቶ «ጉርድ ሾላ» አሰኝቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማዋ ቀላል ባቡርም በዚያ ሰፈር ሁለት ጊዜ ይቆማል፣ ጣቢያዎቹም ጉርድ ሾላ አንድ እና ጉርድ ሾላ ሁለት ይባላሉ።